የቅዳሜ መንገደኞች

በዘጠኝ ዓመቴ ከዓለም ሰው ሁሉ አብልጬ የምቀናው በገዛ እህቴ ነበር። ያን ጊዜ ቅናት መሆኑንም አላውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚነሳብኝ የሆድ ቁርጠት ነበር የሚመስለኝ። እናቴም ቁርጠት መስሏት ለብ ያለ ውሃ በማር ታጠጣኝ ነበር።

አባቴ መንገድ ቀያሽ ነበር። ድርጅቱ ሰው አገር ውስጥ ረጅም መንገድ የመሥራት ዕድል ሲያገኝ እኛንም ጠቅልሎ ይዞን ሄደ። የምንኖረው በሠራተኞች ግቢ ውስጥ ነው፤ አርባ ቤቶች፣ አርባ አረንጓዴ በሮች፣ በየበሩ ላይ ነጭ ቁጥር። ቤቶቹ ቁርጥ አንድ ከመሆናቸው የተነሳ አባቴ በደረስንበት ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ጎረቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ "እስቲ ውሃ ስጡኝ" ብሎ ቁጭ ብሏል። ውሃውን ያመጣችለት በሕይወቱ አይቷት የማያውቃት ሴት ነበረች።

ግቢው ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ነው። የመጤ ሰው ጠባዩ ደግሞ አንድ ነው፤ አንድ ቀን ጥዬው የምሄደው አገር ነው፣ ሳላየው እንዳይቀርብኝ እያለ ዕረፍት የለውም። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ በየበሩ ድንኳን ይጠቀለላል፣ የበረዶ ሳጥን ይሞላል፣ ልጆች መኪና ውስጥ ገብተው መስኮት ለመያዝ ይጣላሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ የሚቀረው ዘበኛው፣ ድመቶቹ፣ እናቴና እኔ ነን።

ሰኞ አስተማሪያችን ገና ቦርዱን ሳታጠፋ፣ "ቅዳሜና እሁድ የት ዋላችሁ?" ትላለች። አንዱ ዋሻ ገብቷል። አንዷ መርከብ ላይ አድራለች። የመሐንዲሱ ልጅ በረሃ ውስጥ የእባብ ቆዳ አግኝቶ በካልሲ ይዞ መጥቷል። ተራዬ ሲደርስ "ቤት" እላለሁ። "ቤት" የምትለው ቃል እንዴት አጭር እንደሆነች ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ተናግሬ ስቀመጥ ወንበሬ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም።

ከእኛ ቤት የሚጓዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አባባና እትዬ። እትዬ ታላቄ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የድርጅቱን ፒካፕ አስነስተው ውልቅ ይላሉ። የሚሄዱት የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ የሐይቅ ዳር ከተማ ነው።

"እኔስ?" እላለሁ።

"መኪናው ጠባብ ነው፤ ፊት ሁለት ሰው ነው የሚይዘው" ይላል አባባ።

"ከኋላ እሆናለሁ።"

"ከኋላ የሚጫነው ወይ አሸዋ ነው ወይ ፍየል። አንቺ የትኛዋ ነሽ?"

"አንተ ራስህ ቁንጫ አይደል የምትለኝ? ቁንጫ እኮ ቦታ አትይዝም!"

ይስቃል። እናቴም ትስቃለች። እትዬ ግን አትስቅም፤ የጫማዋን ማሰሪያ ደግማ ታስራለች። በኔ ቤት ኩራት ነው፤ መንገደኛ ከቀሪ ጋር አይስቅም ማለቷ ነው። ከዚያ እናቴ የቋጠረችውን ስንቅ ታቀብላቸዋለች፤ ስድስት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሦስት ቁራሽ ድፎ ዳቦ፣ በጨርቅ የታሰሩ ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች። ሁለት ሰው ለምን በሦስት ብርጭቆ እንደሚጠጣ አልጠየቅሁም። የተሰማኝ ስስታቸው ብቻ ነው።

ማታ ጀንበር ስትጠልቅ እንመለሳለን የሚሉ ስለሆነ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ እገተራለሁ። እትዬ ስትወርድ ዝም ብላ ነው፤ ዓይኗ እብጥ፣ ፊቷ ድክም ያለ። ሲጫወት የዋለ ሰው እንደዚያ ነው የሚሆን ብዬ እናደዳለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ ቀሚሷ ነው። የሦስት ሰዓት አቧራ ለብሶ መመለስ የነበረበት ቀሚስ፣ ሄዶ ከነበረበት ይበልጥ ነጽቶ፣ ተተኩሶ፣ ሽንሽኑ እንደ ምላጭ ቆሞ ይመለሳል። ሳሙናና ስታርች ይሸታል። ዓርብ እናቴ የጎነጎነችላት ፀጉርም ፈርሶ፣ በሌላ እጅ፣ ይበልጥ በቀጭኑ ተጎንጉኖ ይመጣል። ሆቴል ገብታ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉር ቤት ተቀምጣ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ከድመት ጋር!

እሁድ ጠዋት እናቴ ያንን የተተኮሰ፣ አንዲት እድፍ የሌለበትን ቀሚስ ከሳፋ ትነክረውና እንደገና ታጥበዋለች። ለእህቴ የምታደርገው እንክብካቤ ልክ አጣ ብዬ በዚያም ቀናሁ። ዛሬ ግን እጆቿ ትዝ ይሉኛል፤ ያንን ሽንሽን ሊያጠፋ እንጂ ሊያጸዳ የሚያሽ እጅ አልነበረም።

"የት ሄዳችሁ? ምን አያችሁ? ንገሪኝ፤ አለዚያ አላስተኛሽም" እላታለሁ እትዬን።

መጀመሪያ አካባቢ "ምንም" ትላለች። ስነዘንዛት ግን መናገር ጀመረች። መርከብ ሲመጣ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሰማይ የሚነሳ ድልድይ አለ። የሰው ባርኔጣ ነጥቆ አድርጎ የሚሄድ ዝንጀሮ አለ። የሐይቁ መሐል ላይ ቤተ መጻሕፍት ያላት ደሴት አለች፤ መጽሐፍ የሚዋሰው ሰው በጀልባ ነው የሚመጣ። እኔ ሁሉንም በደብተሬ ጀርባ ላይ እንደ ካርታ ሣልኩት። ሰኞ ሲመጣም "የት ዋላችሁ?" ስባል "ቤት" ማለቱን ተውኩና ድልድዩን አወራሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የእባቡ ቆዳ ባለቤት እንኳ አፉን ከፈተ።

ከተማዋን ካደግሁ በኋላ ጠይቄ አጣርቻለሁ። የሚነሳ ድልድይ የለም። ደሴትም የለም። እህቴ በዚያች ከተማ ያየችው አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ከሆቴሉ ጀርባ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ የሚሰጣበት ሜዳና እዚያ ሜዳ ዳር ያለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው።

ለእኔ የሚመጣልኝ ፖስትካርድ ነበር። በየጊዜው አንድ፤ ጀልባ፣ አበባ፣ የሆቴሉ ፎቶ። ከጀርባው ባዶ ነው። "አባባ ነው የገዛልሽ" ትለኛለች እትዬ። እኔም እነሱ ዓለምን ሲያዩ ለእኔ ወረቀቱ ደረሰኝ ብዬ አልጋዬ ሥር እወረውረዋለሁ።

እናቴ በልብስ ስፌት የግቢውን ሚስቶች ቀሚስ ታጠብባለች፣ ታሰፋለች። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እለይላታለሁ። ከጉዞው በማግስቱ በዝግታ ትጠይቀኛለች።

"ትናንት አባትሽ ሲወርድ እየሳቀ ነበር ወይስ ዝም ብሎ?"

"ዝም ብሎ።"

"ሸሚዙ ላይ ያለችው ቁልፍ ተተክላ ነው የመጣችው? ሲሄድ ወልቃ ነበር።"

"ተተክላለች።"

መርፌዋን ታቆማለች። እኔ እንደ ሰላይ የማየውን ሁሉ አመጣላታለሁ፤ እሷም እንደ እኔ መሄድ ፈልጋ የቀረች ናትና ጓደኛዬ ናት። መቅናቷን በትክክል አውቄያለሁ። በማን እንደምትቀና ነው ያልገባኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አባባና እሷ ሲያወሩ ሰማሁ። "ውሏ ሊያልቅ ነው" አለ አባባ። እናቴ፣ "ሲያልቅስ?" አለች። "ሲያልቅማ ትሄዳለች።" የማውቀው ውል አንድ ብቻ ነው፤ ክር ሲወሳሰብ እናቴ "ውሉን ፈልጊልኝ" የምትለኝ የክር ጫፍ። ስለ ክር ምን ያሳስባቸዋል ብዬ ተገረምኩ። ሄጄ ነጩን ማጠንጠኛ አየሁት፤ እውነትም ሊያልቅ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ዓርብ ልምጣ። እናቴ የእትዬን ፀጉር እየጎነጎነች ነው፤ ከወትሮው ቀስ ብላ። አባባ በር ላይ ቆሞ፣ "የነገው የመጨረሻ ነው። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወስዳታል፤ እኛ እስከ ስድስት መድረስ አለብን" አለ። እትዬ አንገቷን አቀረቀረች።

እኔ የሰማሁት "የመጨረሻ" የምትለውን ብቻ ነው። ጉዞ ሊያልቅ! እኔ አንድም ቀን ሳልሄድ!

"አባባ፣ ነገ እኔ ልሂድ! የመጨረሻ ከሆነ የእኔ ተራ ነው!"

"ነገ አይሆንም።"

"ለምን? እሷ ስንት ጊዜ ሄዳለች!"

"አይሆንም አልኩሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። በእኔ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት አንቺን ብቻ ይዤ፣ የፈለግሽበት እወስድሻለሁ" አለኝ።

የመጨረሻ ነው ያለው እሱ ነው። ከመጨረሻ በኋላ ደግሞ የሚቀጥል የለም። ስለዚህ አባቴ እየዋሸኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የፒካፑ ቁልፍ ግድግዳው ላይ በሚስማር ነው የሚንጠለጠለው። እራት ተበልቶ ዕቃ ሲታጠብ ወንበር ላይ ወጥቼ አነሳሁትና የእናቴ ክር ሳጥን ውስጥ፣ ከማጠንጠኛዎቹ ሥር ቀበርኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እኔ ካልሄድኩ እሷም አትሂድ፤ አበቃ።

ንጋት ላይ የቀሰቀሰኝ አባባ ኪሶቹን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ነው። ኮቱን ገለበጠው፣ ትራሱን አነሳው፣ ቆሻሻ ቅርጫቱን ወለል ላይ ዘረገፈው። "ትናንት እዚህ ሰቅዬዋለሁ! በእጄ ሰቅዬዋለሁ!" እትዬ ለብሳ፣ ስንቁን ጭኗ ላይ አድርጋ በር አጠገብ ተቀምጣለች። መለዋወጫው ቁልፍ በቢሮው ካዝና ነው፤ የካዝናው ሰው ባሕር ዳርቻ ሄዷል። መኪና እንዳይዋስ ግቢው ባዶ ነው፤ አርባውም በር ተዘግቷል፤ ሁሉም አገር ሊያይ ሄዷል። አባባና እትዬ አውቶቡስ ፍለጋ ዋናው መንገድ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። የጠዋቱ አልፏል። ለሚያልፍ መኪና እጃቸውን ሲያውለበልቡ ቆይተው፣ በስድስት ሰዓት አቧራ ለብሰው ተመለሱ።

አባባ ከዘበኛው ቤት ስልክ ሲደውል ከኋላው ተከትዬው ነበር። "እባክህ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራዋን ጥራልኝ… አዎ፣ ዛሬ የምትሄደዋን… ወጥታ? የት ወጥታ?… እሺ፣ እባክህ እንዳትሄድ፣ እየመጣን ነው በላት።" ልብሳቸውን እንዲታጠብ ሰጥተው ኖሯል ለካ! ያ ሁሉ ሩጫ ለልብስ ነው ብዬ ሳቄ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ከስፌት ክፍሏ ወጣችና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"ክር ሳጥን ውስጥ ነበር" አለች።

እኔ ወደ በሩ ጥግ አፈገፈግሁ። አባባ ግን ወደ እኔ አልዞረም። እናቴን ነው ያያት፤ ረጅም ጊዜ። እሷም "እኔ አይደለሁም" አላለችም። ቁልፉን አንስቶ እትዬን በእጇ ይዞ ሮጠ።

የተመለሱት በማግስቱ እሁድ ረፋድ ላይ ነው። እትዬ ወረደች። ቀሚሷ ተጨማድዷል። ፀጉሯ እናቴ ዓርብ እንደጎነጎነችው ነው፤ አልፈረሰም። አይቼ ደስ አለኝ። ያን ደስታ እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ ብረሳው በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ አባባ ከእናቴ ጋር ለሁለት ወር ያህል ከ"ጨው አቀብዪኝ" ያለፈ አልተነጋገረም። እኔን ግን ቃሉን ጠብቆ ወሰደኝ፤ ባሕር ዳርቻ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ የእኔ ነው። መንገዱን ሙሉ እትዬ እዚያ ወንበር ላይ ምን ታደርግ እንደነበር ነው ያሰብኩት።

እውነቱን አባባ የነገረኝ አገራችን ከተመለስን በኋላ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። እትዬን የወለደቻት እናቴ አይደለችም። አባባና የእትዬ እናት የተለያዩት እትዬ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ ሴትየዋ ልጇን ለእሱ ትታ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻገረች። እናቴ እትዬን ያገኘቻት መዳህ ትታ መራመድ ስትጀምር ነው፤ ጡት ከማጥባት በቀር ያላደረገችላት የለም። አባባ ወደዚያ አገር ሲቀጠር ሴትየዋ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች እንደምትኖር ሰማ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የግማሽ ቀን ዕረፍት አላት። ለእኔ ያልተነገረኝ አፌ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ግቢው እንዳይሰማ። ያቺ ቅዳሜ የሥራ ውሏ ያለቀባት ቀን ነበረች። አባባና እትዬ ሲደርሱ አውቶቡሱ ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል። ሴትየዋ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ሥራ ነው የተሻገረች። እናትና ልጅ እንደገና የተያዩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ሴትየዋ ስትመለስ እትዬ ቤት ሄጄ አገኘኋት። ቀጭን፣ እጇ በሳሙና የተላጠ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሁለት ጊዜ ሳመችኝና ራቅ አድርጋ አየችኝ።

"ቁንጫ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ስንት ጊዜ ሳስብሽ! ፖስትካርዶቹ ይደርሱሽ ነበር?"

እጄን ይዛ ቀጠለች።

"ከእህቷ ተለይታ ቤት የምትቀር ልጅ አለች ሲሉኝ አሳዘንሽኝ። መጻፍ ስለማልችል ነው ባዶውን የምልክልሽ።"

"ይደርሱኝ ነበር" አልኩ። "ሁሉም አሉ።" አንዱም አልነበረም።

ያን ዕለት ለእትዬ ልናገር ነበር፤ አልቻልኩም። ዓመት ዓመትን ወለደ። ሴትየዋም በልጇ እጅ ጦራ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አረፈች። አባባም ተከተለ። እኔ አርባ አምስት ዓመት ሞላኝ።

ባለፈው ወር የእናቴን የእግር ጥፍር እየቆረጥኩላት ሳለ፣ ከመሬት ተነስታ፣ "ያን ቁልፍ ያገኘሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው" አለችኝ።

የትኛውን ቁልፍ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

"የአባትሽን የሸሚዝ ቁልፍ ልተክል ክር ሳጥኑን ስከፍት አገኘሁት። አንቺ እንደሆንሽ ወዲያው ገባኝ። ቢነሱ ይደርሱ ነበር። ኪሴ ከተትኩት። ሰባት ሰዓት ሙሉ ጭኔን እንደ ፍም ፈጀኝ።"

"ለምን እማዬ?"

"ትወስድብኛለች ብዬ ነዋ! የመጨረሻ ቀን ነው፤ ልጄን ይዣት ልሂድ ብትለው አባትሽ አፍ የለውም፤ አለቀሰች ብሎ ይሰጣታል። እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ? የወለድኳት አይደለሁ።" ቀጥላም፣ "እሷ የእህትሽን ፀጉር ባፈረሰችው ቁጥር እኔ ምን እሆን እንደነበር አታውቂም" አለች።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ቤት ሄድኩ። አዋላጅ ናት፤ ከሥራ ተራዋ ገና መግባቷ ነው፤ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ።

"እትዬ፣ ያን ቅዳሜ ቁልፉን የደበቅሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"የዚያ ሳጥን ክዳን ሲከፈት ይጮህ የለ? ዓርብ ማታ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ጠዋት፣ አባባ ቤቱን ሲያምሰው ነው። ቀስ ብዬ ሄጄ ከፈትኩት።"

"እና?"

"ቁልፉ የለም። ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ተያየን።"

"ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ።" እግሯን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። "አባባን ብጠራ በዚያች ደቂቃ ያገኘዋል። ግን እማዬ እየተንቀጠቀጠች ነበር። አንደኛዋ እናቴ በአሥራ አንድ ሰዓት መሄዷ አልቀረም፤ ቁልፉ ተገኘም አልተገኘም። አባባን ብጠራ ያቺን በሩ ላይ የቆመችውንም አጣለሁ አልኩ። የወለደችኝ እናቴ በኋላ ስትጠይቀኝ መኪናው ተበላሽቶ ነው አልኳት።"

"የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እኮ ነበርሽ!"

"ነበርኩ።"

አቅፌያት ባለቅስ ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። እናቴ የዕድሜዋን ትልቁን ምስጢር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የተካፈለችው ከእኔ ከወለደችኝ ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር ነበር፤ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ በዓይን ብቻ። አፌ ሳላስበው፣ "እማዬ ለእኔም ነግራኛለች" አለ።

እትዬ ቀና አለች። "ምን ነገረችሽ?"

"ቁልፉን ሁለት ሰዓት ላይ እንዳገኘችው። ለምን እንደያዘችውም።"

"ለአንቺ? በአፏ?"

"ባለፈው ጥፍሯን ስቆርጥላት።"

ከንፈሯ ጠበበ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቃት ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቅ ነገር መጣ፤ ግን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ከእኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል?

"ለእኔ አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም" አለች። "ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ።"

እግሯን ከውሃው አወጣች። በፎጣ ሳይሆን በቀሚሷ ጠርዝ እየጠራረገች በዓይኗ ጫማዋን ፈለገች።

"ተነሺ" አለችኝ፤ "እማዬ ጋ እንሂድ። ለእኔም በአፏ ትንገረኝ።"